ለአማቴ ከዘይት ጣሳ የሠራኋቸው ፒካፖች

መጫወቻ አይደለም። ይህን ከመጀመሪያው መናገር አለብኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ከቆርቆሮ የምሠራውን መኪና ሰው «መጫወቻ» ሲለው ደሜ ይፈላል። መጫወቻ ማለት ከሰርዲን ጣሳ ሥር አራት ቆርኪ ተደርጎለት በገመድ የሚጎተተው ነው። የእኔው በሩ ይከፈታል፣ ኮፈኑ ይነሳል፣ መሪው ሲዞር የፊት ጎማዎቹ አብረው ይዞራሉ። ልኩም በግምት የመጣ አይደለም፤ እውነተኛው መኪና ላይ አንድ ስንዝር የሆነው ነገር በእኔ ዘንድ አንድ አውራ ጣት ነው። ከዚህ ልክ የወጣ ነገር ካየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የጀመርኩት በደርግ ዘመን ነገሌ ቦረና ውስጥ የእጅ ሥራ መምህር ሆኜ ሳለሁ ነው። ትምህርት ቤቱ ደህና መሣሪያ አልነበረውም፤ የእርዳታ ዘይት የመጣበት ባዶ ጣሳ ግን እንደ ልብ ነበር። ብየዳ ስላልነበረን ማጋጠሚያውን ሁሉ በምላስ ነበር የምሠራው። ከአንደኛው ቆርቆሮ ጠርዝ ላይ ትንሽ ምላስ አስቀራለሁ፣ በሌላው ላይ ስንጥቅ አወጣለሁ፣ ምላሱ በስንጥቁ ካለፈ በኋላ ከውስጥ ይታጠፋል። በደንብ የታጠፈ ምላስ ከውጭ አይታይም። ጎማው ካረጀ ነጠላ ጫማ ይወጣል። የፊት መብራቱ ክብ ባለቤቴ በነርስነት ከምትሠራበት ክሊኒክ የሚጣል የፔኒሲሊን ብልቃጥ ክዳን ነው። መስታወቱ ደግሞ ያገለገለ የራጅ ፊልም ነው፤ በበረኪና ሲታጠብ ጥርት ይላል። «የስንቱን ሰው ሳንባ መስኮት አደረግከው» እያለች ባለቤቴ ትስቅብኝ ነበር።

ከመኪና ሁሉ የምወደው ፒካፕ ነው፤ ከፒካፕም አሮጌውን፣ ባለ ሁለት ዲፈረንሻሉን። ቆላው ውስጥ መንገድ የሚባለው ነገር ሲያበቃ ቀጥሎ የሚሄደው እሱ ብቻ ነበር። ለማያውቀው ሰው ሁሉም አንድ ይመስለዋል። ፋብሪካው ግን ያንኑ አፍንጫ ይዞ ጀርባውን በየዓይነቱ ነው የሚሠራው። ጎንና ጎኑ ከአካሉ ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ፣ የኋላው ስፖንዳ፣ ማለት የጭነቱ መከለያ፣ ብቻ የሚወርድ አለ። የዚህኛው የኋላ ጎማ የጭነቱን ቦታ ይጋፋል፤ ጎማው ላይ ከውስጥ በኩል እንደ መደብ ያለ ጉብታ አለው። ወለሉ ለጥ ያለ፣ ሦስቱም ስፖንዳዎች በማጠፊያ የሚወርዱም አለ፤ ይኸኛው ከፍ ስለሚል ጎማው ሙሉ በሙሉ ከሥሩ ይገባል። ጋቢናው ጣሪያው ብረት የሆነ አለ፣ ሸራ የሆነም አለ። ከፋብሪካው ያለ ጀርባ መጥቶ ጀርባውን ያገራችን አናጢ በእንጨት የሠራለት አለ፤ እሱን ከፋብሪካ ሥራ ጋር የሚቀላቅል ሰው ቢያጋጥማችሁ አትከራከሩት፣ ትታችሁት ሂዱ። የመጀመሪያው ጥያቄ ምንጊዜም «ይህ ነገር አብሮት የተወለደ ነው ወይስ ጋራዥ የጨመረለት?» የሚለው ነው። መከላከያ ብረት፣ የጣሪያ ዕቃ መጫኛ፣ ተጨማሪ የነዳጅ በርሜል ማስቀመጫ፣ እነዚህ በአብዛኛው የጋራዥ ናቸው።

ይህን ሁሉ ፍቅር አንድ ቁም ነገር ላይ የማውልበት ቀን መጣ። እሱን ለመናገር ግን ስለ ጋብቻዬ መናገር አለብኝ።

እኔ የወደራ አካባቢ ልጅ ነኝ፤ ጉጂ ነኝ፣ ቤተሰቤም ፕሮቴስታንት ነው። የባለቤቴ አባት ከሰሜን የመጡ ኦርቶዶክስ ነበሩ። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ሆነው ከሀገረ ማርያም እስከ ተልተሌ፣ ከነገሌ እስከ ዶሎ ያልነዱበት መንገድ አልነበረም። ሚስታቸው ቀድመው ስላረፉ ያሏቸው አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። እሷን እንዲሰጡኝ ሽማግሌ ላክሁ። መለሷቸው። ደግሜ ላክሁ፣ ደግመው መለሷቸው። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ሽማግሌዎቹን ቁጭ በሉ እንኳ አላሏቸውም። «ክርስትናውን ከፈረንጅ ለተማረ ሰው ልጄን አልሰጥም» ብለው ነበር። እሷ ግን መርጣ ነበርና ያለ እሳቸው ተጋባን።

ከሠርጉ በኋላ ጥሩ ጋቢ ገዝቼ በአውቶቡስ ላክሁላቸው። በዚያው አውቶቡስ ተመልሶ መጣ። አጣጠፉ እንኳ አልተነካም። እኔም በእልህ ራሴ ለበስኩት፤ እስኪያልቅ ድረስ ለበስኩት። ባለቤቴ በለበስኩት ቁጥር ፊቷን ታዞር ነበር። ጋቢው ለእሷም እንደተመለሰባት የገባኝ በኋላ ነው።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። አንድ ቀን ከሀገረ ማርያም ሰው መጣና አባቷ ከተቀመጡበት ወድቀው እንደተገኙ፣ ቀኝ ጎናቸው እንደማይሠራና አፋቸው እንደተያዘ ነገረን። ባለቤቴ በዚያው ቀን ተነሥታ ሄደች፤ እህል አራግፎ በሚመለስ መኪና ጋቢና ውስጥ አስቀምጣ አመጣቻቸው። እኔ በር ላይ ቆሜ ተቀበልኳቸው። ግዙፍ ሰው ነበሩ ሲባል ነበር የምሰማው። ከመኪናው በሁለት ሰው ተደግፈው የወረዱት ሰውዬ ቀላል ነበሩ፤ ዓይናቸው ብቻ የሾፌር ዓይን ነበር፣ ሩቅ የሚያይ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ከመሞታቸው በፊት ከእጄ አንድ ነገር እንዲቀበሉኝ። ምንም ይሁን፣ ውሃም ቢሆን። ለራሴ ክብር ብዬ ብቻ አይደለም፤ ክብሬንማ ጋቢውን ስለብስ ጨርሼዋለሁ። ባለቤቴ አባቷንና ባሏን በአንድ ጣሪያ ሥር አድርጋ በመካከላችን እንደ ድልድይ ስትመላለስ ማየት አልቻልኩም። ሽማግሌ ተመልሶባታል፣ ጋቢ ተመልሶባታል። አባቷ ሳይታረቋት ቢሞቱ ከእኔ ጋር የምትኖረው ኑሮ ሁሉ ቅር እያላት እንደሚሆን አውቅ ነበር። አፍ አውጥታ ግን አንድም ቀን አልጠየቀችኝም።

ነገሩ ግን አልሆነም። ጠዋት ጠዋት ውሃ በኩባያ ይዤ በሁለት እጄ አቀርብላቸዋለሁ። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ደህናውን ግራ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ይከታሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ባለቤቴ ስትመጣ ኩባያውን አፋቸው ላይ ትደቅንላቸዋለች፣ ይጠጣሉ። እኔ አፋቸው ላይ መደቀን አልችልም፤ በእኛ በጉጂዎች ዘንድ ሶዳ፣ ማለትም የሚስት አባት፣ እጅግ የሚከበር ነው። ስሙ አይጠራም፣ ፊቱ ትኩር ተብሎ አይታይም። እንደ ሕፃን ላጠጣው ማለት ነውር ነው። ስለዚህ ለጤነኛ ሰው እንደሚቀርበው አቀርባለሁ፣ እሳቸውም ይመልሱኛል። ባለቤቴ በነርስ ድምፅዋ «አባባ፣ በግራዎ ይያዙ እንጂ፣ ግራዎ እኮ ደህና ነው» ስትላቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

ጎረቤታችን ወተት የምታመጣልን የቦረና ሴት ነበረች። በየጠዋቱ «አካም ቡልታን? ናጋ?» ብላ ትገባለች፣ አልጋቸው ሥር ትቀመጣለች፣ በኦሮምኛ ታጫውታቸዋለች። እሳቸው በየመንገዱ የለመዱት ቋንቋ ነውና ዓይናቸው ይስቅ ነበር። አንድ ቀን ስትወጣ በር ላይ ያዘችኝ።

«አባትህ ዝም ብሎ መንገዱን ነው የሚያየው» አለችኝ። «ኮንኮላታ ሲያልፍ ጆሮው ይቆማል።»

ኮንኮላታ የምትለው መኪና ነው። እውነቷን ነበር። ከቤታችን ፊት ለፊት መኪና ሲያልፍ አማቴ ሳያዩት በድምፁ ብቻ ይከተሉታል፤ ዳገቷ ላይ ማርሽ የሚቀየርበት ቦታ ሲደርስ አገጫቸው ዝቅ ይላል። ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ጋቢ የመለሱ ሰው፣ ውሃ የመለሱ ሰው፣ መኪናቸውን ግን አይመልሱም አልኩ። ብዙ ዘመን የነዱትን የመሥሪያ ቤቱን ፒካፕ እሠራላቸዋለሁ።

መኪናው ራሱ የለም ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ተወስዶ አልተመለሰም። ፎቶግራፍም አልነበረም። የነበረኝ ላንድክሩዘር ፒካፕ እንደነበረና ቀለሙ ውሃ አረንጓዴ፣ ጣሪያው ነጭ እንደነበረ ባለቤቴ የምታስታውሰው ብቻ ነው። የቀረውን ከተማው ውስጥ ከሚዞሩት ፒካፖች እቀዳለሁ ብዬ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ሥራዬ ከተማው ውስጥ እንደበዙት እንደ እርዳታ ድርጅቶቹ ፒካፕ ነበር፤ ወለሉ ለጥ ያለ፣ ሦስቱም ስፖንዳ የሚወርድ። ማጠፊያዎቹን ከሽቦ ሠራኋቸው፣ መቆለፊያዎቹም እውነት ይቆልፉ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ዘረጋሁላቸው።

አማቴ አዩት። በደንብ አዩት፤ ከሁሉ ይልቅ ዓይናቸው ጀርባው ላይ ቆየ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ግራ እጃቸውን ጋቢው ውስጥ ከተቱ፣ ዞሩ።

ለባለቤቴ ስነግራት ድስቷን ከእሳት አወረደችና አሰበች። «ጎኑ አይወርድም ነበር መሰለኝ» አለች። «ትምህርት ሲዘጋ ከሱ ጋር ስሄድ ኋላ ጭነቱ ላይ ነበር የምቀመጠው። ጎማው ላይ ጉብታ አለች አይደል? እሷ የኔ ወንበር ነበረች። ጀርባዬን ላሜራው ላይ አስደግፋለሁ፣ ፀሐይ ሲመታው ያቃጥለኛል፤ አባባ ሸራ ያደርግልኛል።»

ይህን ስትናገር ፊቷ እንዴት እንደሆነ ልገልጸው አልችልም። የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ ሆና ነበር። እኔም በንዴት ጭንቅላቴን ያዝሁ፤ ይህን የምታህል ነገር ሳልጠይቅ ሥራ ጀምሬ። ጉብታ ካለው ጎኑ የማይወርደው ነው፣ አበቃ። አማቴ ዓይናቸውን ጀርባው ላይ ማሳረፋቸው ስህተቱን ሲያሳዩኝ ነው ብዬ ደመደምኩ። ያንን መኪና አልጋቸው ሥር ባለው የካርቶን ሣጥን ውስጥ ወረወርኩትና ሁለተኛውን ጀመርኩ።

ሁለተኛው ጎኑ ድፍን ነበር፤ ጉብታዎቹም ገቡ፣ ከውጭ በኩል ገመድ የሚታሰርባቸው መንጠቆዎችም በተርታ ተሰኩ። መንጠቆዎቹን ያስታወሰችኝ ባለቤቴ ናት፤ ቀሚሷን አንዱ ቀዶባት አባቷ በራሳቸው እጅ ሰፍተውላት ነበር። መንጠቆ መሥራት ቀላል መስሎት የሚጀምር ሰው ካለ ምክሬን ይስማ፤ ሽቦውን ከማጠፍህ በፊት እሳት አሳየው፣ አለዚያ ይሰበርብሃል።

አማቴ ሁለተኛውንም አዩት። አሁን ዓይናቸው ያረፈው ጋቢናው ላይ፣ ከበሩ ኋላ ነው። ራሳቸውን ነቀነቁ። እጃቸውን ደበቁ።

ጋቢናው ምን ሆነ? ከተማው ውስጥ ያሉት ሁሉ ጋቢናቸው ከኋላ አንድ መስኮት ብቻ ነው ያለው፣ እኔም እንዲሁ ነበር የሠራሁት። በሳምንቱ መጨረሻ እናቴን ልጠይቅ ወደራ ሄድኩ። እዚያ አንድ የመንግሥት ግቢ ውስጥ ጎማ የሌለው፣ ዶሮ የሚያድርበት አሮጌ ፒካፕ አየሁ። ጋቢናው ከኋላ ሁለቱም ማዕዘን ላይ ቆልመም ያለች ጠባብ መስኮት ነበረችው። ቀረብ ብዬ አየሁ፤ የጋራዥ ሥራ አልነበረም፣ ላሜራው ሲታተም አብሮ የወጣ ነው። ጥንት ፋብሪካው እንዲህ ይሠራ ኖሮ በኋላ ትቶታል ማለት ነው። ዶሮዎቹን አባርሬ በስንዝር ስለካ የግቢው ዘበኛ መጥቶ «ጋሼ፣ ልትገዛው ነው?» አለኝ። እናቴ ጋ ለምሳ ዘግይቼ ደረስኩ፤ ምክንያቱን ስትሰማ ለጎረቤት ሁሉ አወራችው።

ሦስተኛውን ከማዕዘን መስኮቶቹ ጋር ሠራሁት። የራጅ ፊልም ቆልምሞ ከቆርቆሮ ጋር ማስማማት ትዕግሥት ይጨርሳል፤ ይመለሳል፣ ይሰነጠቃል፣ ጣት ይቆርጣል። ያም ሆኖ ተዋጣልኝ። ስዘረጋላቸው ከዓይናቸው እንባ ወረደ። አሁንስ ተቀበሉኝ አልኩ። ነገር ግን ያው ሆነ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እጃቸው ገባ። ባለቤቴ «በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው ዓይኑ ዝም ብሎ ያለቅሳል፣ ተስፋ አታድርግ» አለችኝ፤ እሷ ራሷ ግን ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር የተናገረችው።

ያን ዕለት ቁጣዬ ገነፈለ። «ሽማግሌዎቼን እንደመለሱ ነው የሚመልሱኝ» አልኳት። «አፋቸው ተያዘ እንጂ ቂማቸው አልተያዘም። ወርቅ አድርጌ ብሠራውም አይቀበሉኝም።»

«አንተ የምትሠራው መኪና ነው» አለችኝ ቀስ ብላ። «በአባቴ ላይ ለመፍረድ ሌላ ቀን ምረጥ።»

በማግሥቱ መቀሴን መሳል ጀመርኩ፤ ምን ላድርግ፣ ተፈጥሮዬ ነው። ሦስተኛውን ሲያዩ ዓይናቸው አፍንጫው ላይ እንደቆየ ልብ ብዬ ነበር። እኔ የሠራሁት የመብራቶቹ መቀመጫ የኋለኛው ዓይነት፣ ጥጋጥጉ አራት ማዕዘን የሆነው ነው። የጥንቱ ግን ጫፍና ጫፉ ክብ ሆኖ እንደ እንቁላል የረዘመ ነው። የበሩ እጀታም እንዲሁ፤ የኋለኛው በአውራ ጣት የሚጫን ሲሆን የጥንቱ ወደታች የሚጠመዘዝ ነው። ሁለቱንም ቀየርኩ። በሩ ላይ ያለችውን ለብቻዋ የምትከፈት ባለ ሦስት ማዕዘን መስኮት እንኳ በመርፌ ላይ እንድትዞር አደረግኋት። ቀለሙን ቤት ከሚቀባ ሰው ለምኜ አመጣሁ። አራተኛው ፒካፕ ከእጄ ከወጣው ሁሉ የሚበልጥ ነው፤ እስከ ዛሬም ይበልጣል። ቀለሙ እንዲደርቅ አልጋቸው አጠገብ ባለው መስኮት ደፍ ላይ አስቀምጬው ወደ ሥራ ሄድኩ።

በዚያ ጠዋት ከቀበሌ ለስብሰባ ተጠርተናል ተብሎ ትምህርት ተቋረጠ። እኔ ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ቤት ደርሼ ቁራሽ ልቀምስ መጣሁ። እግሬ ላይ ነጠላ ጫማ ስለነበር ድምፅ አላሰማሁም። የመኝታ ክፍሉ በር ገርበብ ብሏል።

አማቴ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ፒካፑ ጉልበታቸው ላይ ነው። በግራ እጃቸው አውራ ጣት የበሩን እጀታ ወደታች ጠመዘዙ፣ በሩ ተከፈተ። ዘጉት። እንደገና ከፈቱት። ባለ ሦስት ማዕዘኗን መስኮት በጣታቸው ጫፍ ገፋ አደረጓት። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በማዕዘኑ መስኮት ወደ ውስጥ አዩ። ከዚያ ጭናቸው ላይ መንዳት ጀመሩ፤ ከጉልበታቸው ወደ ላይ፣ ዳገቱን። ከተጣመመው ከንፈራቸው የሞተር ድምፅ ይወጣል፤ መሐል ላይ ድምፁ ይወርዳል፣ ማርሽ ቀየሩ ማለት ነው፣ ይቀጥላል። ብርድ ልብሱ ላይ ደግሞ ሣጥን ውስጥ የወረወርኳቸው ሦስቱ ፒካፖች በመስመር ቆመው ነበር፤ አንዱ ከአንዱ ኋላ፣ አፍንጫቸው ወደ በሩ።

ጥላዬን አዩና ቀና አሉ። ፒካፑን ከጉልበታቸው ቶሎ አወረዱ። ግራ እጃቸው እየተጣደፈ ጋቢው ውስጥ ገባ፣ ፊታቸው ቀላ፣ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ከሰው ዕቃ ነክቶ የተያዘ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው።

ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ግራ እጅ።

አማቴ አንድም ቀን መኪናዬን አልመለሱትም። የሚቀበሉበት እጅ ነው ያጡት። ቀኛቸው ሞቷል። ከአማች፣ ያውም ሽማግሌውን ከመለሱበት አማች፣ በግራ እጅ መቀበል በእሳቸው አገር ስድብ ነው፤ በእኛም በጉጂዎች አገር ስድብ ነው። እኔን አክብረው ነው እጃቸውን የደበቁት። ውሃውንም እንዲሁ። እኔ እሳቸውን አክብሬ አፋቸው ላይ አልደቅንም፣ እሳቸው እኔን አክብረው በግራ አይቀበሉም፤ ሁለታችንም በአክብሮታችን በውሃ ጥም ልንሞት ነበር። ዓይናቸው ያረፈበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ያማራቸው ቦታ ነው። እኔ ያማራቸውን ስህተት ነው እያልኩ ሌላ ስሠራ ከረምኩ። የሚጠመዘዘውን እጀታም፣ የማዕዘኑንም መስኮት፣ ስፖንዳውንም ሁሉ ወደውታል። የትኛው የእሳቸው መኪና እንደነበረ እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አላውቅም።

ወደ ግቢ ወጥቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ከዚያ አለቀስኩ። ከስብሰባው ቀረሁ።

ለባለቤቴ ምንም አልነገርኳትም። እሷ ባለችበት እንዲሆን ፈለግሁ። እሑድን ጠበቅሁ። ጠዋት አማቴን በረንዳ ላይ አስቀምጠናቸው እሷ ቁርሳቸውን ልታመጣ ወደ ውስጥ ገባች። አራተኛውን ፒካፕ አንዲት ምላስ እንኳ ሳልነካ አመጣሁት። በፊታቸው ተንበረከክሁና መኪናውን ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩ። ራሳቸውን ሊነቀንቁ ጀመሩ።

«አባባ፣ አንዴ ይፍቀዱልኝ» አልኳቸው።

ጋቢውን ገለጥ አድርጌ ቀኝ እጃቸውን አወጣሁት። ሶዳዬን በእጄ ስነካ የመጀመሪያዬ ነው። እጁ ቀዝቃዛ ነበር፣ መሪ ሲይዝ የጠነከረው መዳፍ ለስልሷል። መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርጌ የራሴን ቀኝ እጅ ከሥሩ አስገባሁ። በሌላው እጄ ፒካፑን አንሥቼ ላዩ ላይ አስቀመጥኩላቸው። መኪናው ከሚታየው በላይ ይከብዳል፤ ሁለቱም እጆቻችን አብረው ዝቅ አሉ።

ያኔ ግራ እጃቸው ከጋቢው ውስጥ በራሱ ወጣ። ወደ መኪናው አልሄደም። ወደ ቀኝ ክንዳቸው ሄደና ክርኑን ከሥር ደገፈ፤ ሰው ከሚያከብረው ሰው ሲቀበል ክንዱን እንደሚደግፈው። ከዚያ ራሳቸውን እስከ ደረታቸው ዝቅ አደረጉልኝ።

ባለቤቴ የገንፎ ሳህን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። መቼ እንደወጣች አላየሁም። እጄን ላወጣ ስል የአማቴ ግራ እጅ ከክርናቸው ወርዶ የእኔን ጣቶች ከሥር ጭምቅ አድርጎ ያዘ።

ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠችና አጠገባችን ተቀመጠች። አባቷ ቤታችን ከገቡ ጀምሮ በፊታቸው ስትጠራኝ «እሱ» ነበር የምትለኝ፤ ሌላውን ቃል ለማለት አትደፍርም ነበር።

«አባባ» አለች፣ «ባለቤቴ ነው።»

አማቴ አዩኝ። ትኩር ብለው አዩኝ፤ እኔም ልማዱን ረስቼ ዓይናቸውን አየሁ። ከዚያ ራሳቸውን ወደ ታችና ወደ ላይ አደረጉ፣ እሺ እንደሚል ሰው፤ እጄንም ገንፎው እስኪቀዘቅዝ ድረስ አልለቀቁም።